የእንጨት ጎጆን በሚኒ ስፕሊት ማሞቅና ማቀዝቀዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለብርዱም ለሙቀቱም አንድ ዕቃ ገዝተው ጎጆአቸው ላይ ለመግጠም የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ሰብስበናል፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከበደው እንሄዳለን።

ሚኒ ስፕሊት ምንድን ነው? ከሌላው ኤሲ በምን ይለያል?

ሁለት ክፍል ያለው ኤሲ ነው። አንዱ ውጭ ይቀመጣል፤ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰርና ትልቁ ፋን ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። ሌላው ቤት ውስጥ ይሰቀላል። ሁለቱን የሚያገናኙት ሁለት የመዳብ ቧንቧዎችና የኤሌክትሪክ ገመድ ናቸው። ከውስጠኛው ክፍል ውሃ የምታወጣ ቀጭን ቱቦም አለች። ይሄ ሁሉ የሚያልፈው ግድግዳው ላይ በምትበሳ ሰባት ሳንቲሜትር ገደማ በሆነች አንድ ቀዳዳ ነው።

ለጎጆ የሚመቸውም በዚህ ነው። በየክፍሉ አየር የሚያደርስ የቆርቆሮ ዳክት አያስፈልገውም። አብዛኛው ጎጆ ዳክት የሚቀበርበት ኮርኒስ የለውም፤ ጣሪያው ከውስጥ ይታያል። መስኮት ላይ የሚሰካው ኤሲ ርካሽ ነው፤ ግን ኮምፕሬሰሩ አጠገባችሁ ሲጮህ ያድራል፣ በዳርና ዳሩም ንፋስ ያስገባል።

ማሞቅም ይችላል ወይስ ለማቀዝቀዣ ብቻ ነው?

አብዛኛው ሁለቱንም ይሠራል። ማቀዝቀዝ ብቻ የሚችልም ስለሚሸጥ ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ። ሪሞቱ ላይ የፀሐይ ምልክት ያለበት የማሞቂያ ምርጫ ስላለ ብቻ አትርኩ። አንድ ዓይነት ሪሞት ለብዙ ሞዴል ይታደላል። መታየት ያለበት ዕቃው ላይ የተለጠፈው የአቅም ጽሑፍ ነው፤ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ለየብቻ ቁጥር ተጽፎላቸው ከሆነ ሁለቱንም ይችላል።

አሠራሩን ለመረዳት የፍሪጅን ጀርባ ነክታችሁ እዩት፤ ይሞቃል። ከውስጥ ያወጣውን ሙቀት በዚያ በኩል ነው የሚለቀው። ሚኒ ስፕሊትም ሲያሞቅ ከውጭ አየር ውስጥ ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። ሙቀት ከማመንጨት ሙቀት ማጓጓዝ ስለሚቀል፣ ብርዱ ካልጠና በ1 ኪሎዋት ሰዓት መብራት 3 ወይም 4 ኪሎዋት ሰዓት የሚያህል ሙቀት ታገኛላችሁ። ሽቦው ቀልቶ የሚያሞቀው ተራ ሂተር ግን በ1 የሚሰጣችሁ 1 ብቻ ነው።

ለጎጆዬ ስንት ቢቲዩ (የዕቃው አቅም የሚለካበት መስፈሪያ) ያስፈልገኛል?

ካሬ ሜትር ብቻ ጠይቆ ቁጥር የሚነግራችሁን ሻጭ አትቸኩሉለት። «ለዚህ ስፋት 12,000 ይበቃል» የሚባለው ግምት የመጣው ከማቀዝቀዝ ሥራ ነው። ብርድ ባለበት አካባቢ ደግሞ ጎጆን የሚፈትናት የሙቀቱ ቀን ሳይሆን የብርዱ ሌሊት ነው። ማወቅ ያለባችሁ በዓመቱ እጅግ በሚበርደው ሌሊት ጎጆዋ ምን ያህል ሙቀት እንደምታፈስ ነው።

በምሳሌ እንየው። 6 በ7 ሜትር የሆነች ጎጆ እንውሰድ። ግድግዳዋና ጣሪያዋ ውስጥ ደህና ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳያመልጥ የሚያግድ መሙያ) ገብቷል፤ መስኮቶቿ ባለ ሁለት መስታወት ናቸው። እንዲህ ያለች ጎጆ በውስጥና በውጭ መካከል ላለው ለያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 100 ዋት ገደማ ታጣለች። ውስጥ 20 ዲግሪ፣ ውጭ ከዜሮ በታች 10 ከሆነ ልዩነቱ 30 ነው። 30 በ100 ሲባዛ 3,000 ዋት ይመጣል። አንዱ ዋት በሰዓት 3.4 ቢቲዩ ያህል ስለሆነ፣ በዚያ ብርድ 10,200 ቢቲዩ መስጠት የሚችል ዕቃ ያስፈልጋል ማለት ነው። አሁን ያችኑ ጎጆ ግድግዳዋ ውስጥ ምንም እንደሌለ እናስብ። የምታጣው ወደ 160 ዋት ይወጣል። በ30 ሲባዛ 4,800 ዋት፣ ወደ ቢቲዩ ሲቀየር ከ16,000 በላይ። ስፋቷ ያው ነው፤ የምትፈልገው ዕቃ ግን በአንድ ደረጃ አደገ።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት 9,000፣ 12,000፣ 18,000 እና 24,000 ናቸው። 12,000 ቢቲዩ «አንድ ቶን» ሲባል ትሰማላችሁ፤ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ነው። ስሌቱን ራሳችሁ ለመሥራት ካስቸገራችሁ ለባለሙያ የምትሰጡትን መረጃ አዘጋጁ፦ የግድግዳው ውፍረትና የተሠራበት ነገር፣ የመስኮቶቹ ስፋትና የሚዞሩበት አቅጣጫ፣ የጣሪያው ከፍታ፣ ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሎ ከሥሩ ንፋስ ይገባ እንደሆነ። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። በቋሚ እንጨት ላይ የቆመች ጎጆ ከእግር በታች ብዙ ሙቀት ታፈሳለች።

ለማንኛውም ትልቁን ብገዛ ምን ችግር አለው?

ችግር አለው፤ እኔ በግሌ ትንሽ ከመግዛት ይልቅ ትልቅ መግዛት ብዙ ጎጆ ያበላሸ ይመስለኛል። ኢንቨርተር ያለው ኮምፕሬሰር ፍጥነቱን እንደ ፍላጎቱ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ዝቅ የሚልበት ግን ወለል አለው። ጥሩ የሚባል ባለ 12,000 ዕቃ እስከ 3,000 ወይም 4,000 ድረስ ይወርዳል። ብዙዎቹ ባለ 24,000 ዕቃዎች ያን ያህል አይወርዱም። ጎጆዋ 3,000 ብቻ በምትፈልግበት ቀን ትልቁ ዕቃ ይነሣል፣ ቶሎ ይጠግባል፣ ይጠፋል፤ ደግሞ ይነሣል። መብራት ይበላል፤ ኮምፕሬሰሩም ያረጃል።

በሙቀት ወቅት ሌላ ጣጣ ይመጣል። ኤሲ ከአየር ውስጥ እርጥበት የሚያወጣው ረጋ ብሎ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ነው። ትልቁ አምስት ደቂቃ ሠርቶ ሲቆም አየሩ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ ግን እዚያው ይቀራል። ፍራሹ ይረጥባል፤ እንጨቱ መሻገት ይጀምራል። ስለዚህ ዕቃ ስታወዳድሩ ከፍተኛውን አቅም ብቻ ሳይሆን ዝቅተኛውንም ጠይቁ።

መጀመሪያ ኤሲውን ልግዛ ወይስ ጎጆዋን ልድፈን?

ድፈኑ። ነፋስ በሚበዛበት ቀን እርጥብ እጃችሁን በበሩና በመስኮቱ ጠርዝ፣ በግንዶቹ መጋጠሚያና ግድግዳው ጣሪያውን በሚነካበት ቦታ አስጠጉት። ብርድ የተሰማችሁ ቦታ ሁሉ ገንዘባችሁ የሚወጣበት ቀዳዳ ነው። ለዚያ የሚሆን ማሸጊያና የበር ላስቲክ ከኤሲ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ጣሪያ ላይ ኢንሱሌሽን መጨመር ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትገዙትን ዕቃ በአንድ ደረጃ ያወርደዋል።

ብርዱ ሲጠና ይሠራል ወይስ ይከዳኛል?

ይህ ጥያቄ ሁሉንም የሚወስን ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የማሞቂያ ቁጥር የሚለካው ውጭው 7 ወይም 8 ዲግሪ ሲሆን ነው። ብርዱ እየጠና ሲሄድ ዕቃው ከውጭ የሚለቅመው ሙቀት ይቀንሳል፤ ጎጆዋ የምትፈልገው ደግሞ ይጨምራል። ሁለቱ በተቃራኒ ይሄዳሉ። ተራ ሞዴል ከዜሮ በታች 15 ሲደርስ ከአቅሙ ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ሊያጣ ይችላል።

ለቀዝቃዛ አገር ተብለው የሚሠሩ ሞዴሎች አሉ። ከዜሮ በታች 25 ድረስ፣ አንዳንዶቹም 30 ድረስ ይሠራሉ። ደህናዎቹ እስከ ከዜሮ በታች 15 ድረስ የተጻፈላቸውን አቅም ሳይቀንሱ ይዘልቃሉ። እዚህ ላይ ግን ቃል መለየት ያስፈልጋል። «እስከ ከዜሮ በታች 25 ይሠራል» ማለት አይጠፋም ማለት ብቻ ነው፤ ምን ያህል ሙቀት እንደሚሰጥ አይነግራችሁም። ሻጩን «በእያንዳንዱ የውጭ ሙቀት መጠን የሚሰጠውን አቅም የሚያሳይ ሠንጠረዥ ስጠኝ» በሉት። ታማኝ አምራቾች ያወጡታል። ከሠንጠረዡ ላይ የእናንተን ብርድ ሌሊት ፈልጉና ከላይ ካሰላችሁት ጋር አስተያዩ። ሠንጠረዡ ጨርሶ የማይገኝለትን ዕቃ ለብርድ ቦታ ባትገዙት ይሻላል።

በዚያ ብርድ ቁጠባውም ይቀንሳል፤ በ1 ኪሎዋት ሰዓት 2 ገደማ ብታገኙ ነው። ያም ቢሆን የተራውን ሂተር እጥፍ ነው።

ውጭ ያለው ክፍል በረዶ ጋገረ፣ እንፋሎትም ወጣው። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ሲያሞቅ ውጭ ያለው ክፍል ከአየሩ ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ እርጥበት ይይዝና በረዶ ይሠራበታል። ዕቃው ይህን ሲያውቅ ለጥቂት ደቂቃ አሠራሩን ገልብጦ በረዶውን ያቀልጣል። ያን ጊዜ ውስጥ ያለው ፋን ይቆማል፤ ውጭ እንፋሎት ይነሣል። ጨርሶ ራሱ ይመለሳል። በረዶው ሳይቀልጥ ለሰዓታት ከቆየ ግን ቴክኒሻን ይየው።

የቀለጠው ውሃ መውጫ ያስፈልገዋል። ከታች ተጠራቅሞ ከረጋ ፋኑን ይሰብራል። ብርድ ለሚጠናበት ቦታ የታችኛው ሳህን ማሞቂያ ያለውን ምረጡ። ዕቃውን ደግሞ አካባቢያችሁ ላይ በረዶ ከሚከመርበት ከፍታ በላይ በብረት መቆሚያ አስቀምጡት። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አታድርጉት፤ ከጣሪያ የሚናድ በረዶና የሚንጠባጠብ ውሃ ያጠፋዋል። ከእንጨት ግድግዳው ጋር ባይያያዝም ደስ ይለኛል። የኮምፕሬሰሩ ንዝረት በጣውላ ውስጥ አልፎ አልጋ ድረስ ይሰማል።

መኝታ ቤትና ቆጥ አለኝ። አንድ ዕቃ ይበቃኛል?

ሁሉም አንድ ክፍት ክፍል ከሆነ ይበቃል። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ቆጡ በብርድ ጊዜም ይሞቃል፤ በሙቀት ወቅት ግን ያፍናል። ጣሪያው ላይ ቀስ ብሎ የሚዞር ፋን ይህን ብዙ ያቃልለዋል። በሩ የሚዘጋ መኝታ ቤት ግን ሌላ ነገር ነው። ሳሎን ያለው ዕቃ የተዘጋ በር አልፎ አያሞቅም። ማታ በሩን ክፍት መተው ካልተስማማችሁ፣ ለመኝታ ቤቱ አነስተኛ የግድግዳ ሂተር ብዙ ጊዜ በቂ ነው።

አንድ የውጭ ክፍል ሁለት ሦስት የውስጥ ክፍል የሚሸከምበት ዓይነትም አለ። ለትንሽ ጎጆ አልመክረውም። ዝቅተኛ አቅሙ ከፍ ያለ ስለሆነ ትልቁን ዕቃ ስለ መግዛት ያነሣነው ችግር ሁሉ ይመጣል። በዚያ ላይ ውጭ ያለው ሲበላሽ ሁሉም ክፍል አብሮ ይቀዘቅዛል። ሁለት ቦታ የግድ ካስፈለገ ሁለት ለየብቻ የቆሙ ትንንሽ ዕቃዎች ይሻላሉ፤ አንዱ ቢቆም ሌላው ያሳድራል።

ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የሚሰቀለው ወይስ ወለል አጠገብ የሚቀመጠው?

ዋናው ሥራው ማሞቅ ከሆነ ወለል አጠገብ የሚቀመጠው ይሻላል፤ ሞቃቱ አየር ከእግር ይጀምራል፣ ፊልተሩንም ሳትንጠራሩ ታጸዳላችሁ። ዋጋው ከፍ ይላል። ከፍ ብሎ የሚሰቀለው ለማቀዝቀዝ የተመቸ፣ ርካሽና በየቦታው የሚገኝ ነው። ጎኑ ያጠረ ተዳፋት ጣሪያ ያላት ጎጆ ውስጥ ግን የሚሰቀልበት ግድግዳ ላይኖር ይችላል፤ በላዩና በጣሪያው መካከል አምራቹ የሚጠይቀውን ክፍተት አስቀድማችሁ ለኩ።

በሶላር ወይም በጀነሬተር ይሠራል?

ይሠራል፤ ኢንቨርተር ያለውን ከገዛችሁ። የድሮው ዓይነት ኮምፕሬሰር ሲነሣ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ይስባል። ባለ ኢንቨርተሩ ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ይወጣል። ባለ 12,000 ዕቃ በሙሉ ኃይሉ ሲያቀዝቅዝ 1 ኪሎዋት አካባቢ ይፈልጋል፤ ክፍሉ ከተስተካከለ በኋላ ወደ 200 ወይም 300 ዋት ሊወርድ ይችላል።

ማቀዝቀዝ ለሶላር ይመቻል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ፀሐይዋም አለች። ማሞቅ ግን የሚያስፈልገው ማታ ነው፣ ያውም ቀኑ ባጠረበት ወቅት። በአማካይ 500 ዋት ለ10 ሰዓት ብትቆጥሩ አንድ ሌሊት 5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ባለ 48 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ሙሉ በሙሉ የሚይዘው 4.8 ነው። ማሞቂያን በሶላር ብቻ ለማድረግ ያሰባችሁ ይህን ቁጥር አስቀድማችሁ ተመልከቱት።

ለጀነሬተርና መብራት ከፍና ዝቅ ለሚልበት መስመር መከላከያ ግጠሙ። የኢንቨርተሩ ሰሌዳ ስስ ነው፤ ሲቃጠል የሚጠይቀው ዋጋ አዲስ ዕቃ ለመግዛት ያስመኛል። ቮልቴጁም ከመስመራችሁ ጋር የሚሄድ መሆኑን አረጋግጡ። አብዛኛው የሚሠራው በ220 እና 240 ቮልት መካከል ነው፤ ትንንሾቹ በ120 ቮልትም ይገኛሉ።

ራሴ ብገጥመውስ?

መቆሚያውን ማቆም፣ ቀዳዳውን መብሳት፣ የውስጡን ክፍል መስቀል ትችላላችሁ። ቀዳዳዋ ወደ ውጭ በጥቂቱ ታዘቅዝቅ፤ አለዚያ ውሃው ተመልሶ በግድግዳው ውስጥ ይወርዳል። የመዳብ ቧንቧው ሥራ ግን ልምድ ያለውን እጅ ይፈልጋል። ጫፉ በልክ ተሞርዶና ሰፍቶ በትክክለኛው ኃይል መጥበቅ አለበት። ከዚያ በናይትሮጅን ግፊት ይፈተሻል፤ ቀጥሎ በውስጡ ያለው አየር በቫኪዩም ፓምፕ ከ500 ማይክሮን (የቫኪዩም መለኪያ) በታች እስኪደርስ ይሳባል። አየርና እርጥበት በውስጡ ከቀረ ኮምፕሬሰሩ ዕድሜው ያጥራል። ባለሙያው «ትንሽ ጋዝ ለቅቄ አየሩን አስወጣዋለሁ» ካለ አስቁሙት።

ቧንቧው ጋዝ ተሞልቶ የሚመጣ፣ ራሱ ለሚገጥም ሰው የተዘጋጀ ዓይነትም አለ። ለሩቅ ጎጆ ጥሩ መላ ነው። ችግሩ የቧንቧው ርዝመት የተወሰነ መሆኑ ነው፤ የተረፈውን መቁረጥ አይቻልም። ከመግጠማችሁ በፊት የዋስትና ወረቀቱን አንብቡ፤ ብዙ አምራች በባለሙያ ያልተገጠመን ዕቃ አይቀበልም። የኤሌክትሪኩን መስመር ለኤሌክትሪሻን ስጡ፤ የራሱ ብሬከር ይኑረው።

የትኛውን ጋዝ የያዘ ልምረጥ?

አር-32 ወይም አር-454ቢ የያዘውን። የቆየው አር-410ኤ አየር ንብረትን የማሞቅ ኃይሉ የካርቦን ዳይኦክሳይድን ከ2,000 እጥፍ በላይ ነው፤ የአር-32 675 ነው። ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረትና አሜሪካ አር-410ኤ የያዙ አዳዲስ ትንንሽ ዕቃዎችን እያስቀሩ ነው። በቅናሽ የምታገኙት አሮጌ ክምችት ወደፊት ጋዝ ሲያስፈልገው ሊያስቸግራችሁ ይችላል። አዳዲሶቹ በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆኑ አምራቹ የጻፈውን ዝቅተኛ የክፍል ስፋት አክብሩ። ለትንሽ ጎጆ ይህ መስመር ቀልድ አይደለም።

ጎጆዬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ላይ ናት። ለውጥ አለው?

አለው። በዚያ ከፍታ አየሩ በ18 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ ፋኑ በአንድ ዙር የሚያንቀሳቅሰው ሙቀት ይቀንሳል። አምራቹን የከፍታ ማስተካከያ ቁጥር ጠይቁና አቅሙን በዚያ ቀንሱ። ለዚህ ሲባል ብቻ ከሆነ አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ተገቢ ነው።

ሳምንታት ባዶ ስትሆን ቧንቧዎቹ በረዶ እንዳይሠሩ ሊጠብቅልኝ ይችላል?

በከፊል። አብዛኛው ሪሞት ከ16 ዲግሪ በታች አይወርድም። ባዶ ጎጆን በ16 ማሞቅ ደግሞ ገንዘብ ማቃጠል ነው። አንዳንድ ሞዴሎች 8 ወይም 10 ዲግሪ ላይ የሚጠብቅ የተለየ ማስተካከያ አላቸው፤ ለጎጆ የምትገዙ ከሆነ ይህ እንዲኖረው አጥብቃችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ነገር መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራሱ መነሣቱ ነው። ገዝታችሁ ስታስገጥሙ ብሬከሩን አጥፍታችሁ መልሳችሁ አብሩና እዩት።

ያም ሆኖ የውሃ ቧንቧችሁን ዕጣ ለአንድ ማሽን አትስጡ። መብራት ለሁለት ቀን ከጠፋ ማንም ሊያድነው አይችልም። ስትወጡ ዋናውን ውሃ ዝጉ፣ ቧንቧዎቹን አራግፉ። ወደ ጎጆዋ ከመሄዳችሁ በፊት ከስልክ ላይ ማስነሣት የምትፈልጉም ቀደም በሉ፤ ለሳምንታት የቀዘቀዘ ግንድና ዕቃ እስኪሞቅ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ቀን ይፈጃል። አየሩ 20 ቢልም ግድግዳው ብርድ ይተነፍሳል። ስትመለሱ የውጩን ክፍል ከማስነሣታችሁ በፊት ዙሪያውን እዩት። አይጥ ሙቀት ፍለጋ ገብታ ገመድ ትቆረጥማለች።

የእንጨት ምድጃዬን ላውጣው?

አታውጡት። መብራት ሲጠፋና ከታሰበው በላይ ሲበርድ የሚያሳድራችሁ እሱ ነው። ለሁለቱ የሚመቸው ሚኒ ስፕሊቱን ከምድጃው ራቅ አድርጎ በሌላኛው ጫፍ መስቀል ነው። የሙቀት መለኪያው ውስጠኛው ክፍል ላይ ስለሆነ፣ ምድጃው አጠገብ ከተሰቀለ ቤቱ ሁሉ የሞቀ መስሎት ይቆማል፤ ያን ጊዜ ማዶ የተኙት በብርድ ያድራሉ። ምድጃው ሲነድ ኤሲውን 18 ላይ ተዉት። እሳቱ ሌሊት ሲከስም ራሱ ይረከባል። ጭስ ማውጫውን በየዓመቱ አስጠርጉ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያም መኝታው አጠገብ ይኑር። ቀዳዳዎቿን ደፍናችሁ ከጨረሳችሁ ደግሞ ምድጃው የሚነድበት አየር ከውጭ የሚገባበት የራሱ ቱቦ ያስፈልገዋል።